እስክመጣ ያዥልኝ

ጸጋአብ ለቅሶውን የጀመረው አውሮፕላኑ ገና ከቶሮንቶ ሳይነሳ ነው። የሰባት ወር ልጅ ነው፤ ሲያለቅስ ግን የሰባት ሰው ጉሮሮ አለው። ሲነሳ ጆሮውን አመመው እንበል፣ እሺ። ከተነሳ በኋላስ? በአምስተኛው ሰዓትስ? በዘጠነኛውስ? እናቱ ብሩክታይት ጡት ሰጠችው፣ ተፋው። ጡጦ ሰጠችው፣ ወረወረው። ቁም ሳጥን በምታክል ሽንት ቤት ውስጥ በክርኗ ደግፋ በአንድ እጇ ዳይፐር ቀየረችለት። አዝላው ከአውሮፕላኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰች። ምንም! ጆሮ ዳባ ልበስ።

ልጅ ይዞ ብቻውን አሥራ ሦስት ሰዓት ያልበረረ ሰው ይህን አያውቀውም፤ ባያውቀውም ይሻለዋል። ባሏ አብኔዘር ከሥራ ፈቃድ አጥቶ ቶሮንቶ ቀርቷል። «አይዞሽ፣ አብዛኛውን ይተኛልሻል» ብሎ ነው የሸኛት። ይተኛል! ከፊቷ ያለው ሰውዬ ዞር እያለ ያያታል፤ በዞረ ቁጥር «ይቅርታ» ትለዋለች። ከኋላዋ ያለችው ወጣት በጆሮ ማዳመጫዋ ላይ ትራስ ደርባለች፤ እሷንም «ይቅርታ»። ሽንቷ ከያዛት ሦስት ሰዓት አልፏል። ሆስተሷን «ሁለት ደቂቃ ያዥልኝ» ማለት ትችል ነበር፤ ግን ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፣ ምን ትለኛለች ብላ ተወችው።

ይህ ጠባይ ዛሬ የመጣባት አይደለም። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ እናቷ ጫማ ግዢ ብለው ቢልኳት፣ ባለሱቁን «ጠበበኝ» ማለት አፍራ የጠበባትን ገዝታ መጣች፤ አንድ ክረምት ሙሉ አነከሰች። እናቷ ወይዘሮ ምንትዋብ ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ለጎረቤት ሲያወሩት ኖሩ። «የኔ ልጅ እኮ ሰው አታስቀይምም!» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። እግር ቢላጥም ሰው አልተቀየመም፤ ዋናው እሱ ነው አይደል?

ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዕድሜዋ አይያዝም፤ አርባም ቢሏት ሃምሳም ቢሏት ያስኬዳል። ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። ምግብ ሲመጣ «በቃኝ» አለች። ፊልም አልከፈተችም፣ አልተኛችም፣ ሽንት ቤት እንኳ አልተነሳችም። የምታየው ልጁን ብቻ ነው።

«ልያዝልሽ?» አለቻት።

«ኧረ ይተዉ፣ ያስቸግርዎታል።»

«ግድ የለም፣ አምጪው።»

ልጁ እሷ እቅፍ ውስጥ እንደገባ ዝም አለ። ሕፃን ሲያባብሉት ቀስ እያለ ነው የሚበርድለት፤ ይሄ ግን እንደተዘጋ ሬዲዮ ነው ጸጥ ያለው። የፊተኛው ሰውዬ ራሱ ምን ሆነ ብሎ ዞረ። ብሩክታይት ከእፎይታ ብዛት እንባዋ መጣ።

«ሲያምር» አለች ሴትየዋ። «እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖረኝ።»

እንግዲህ የሐበሻ ልጅ ለዚህ ምን ብሎ እንደሚመልስ የማያውቅ የለም። ነጠላሽ ያምራል ሲሏት «ልበሺው» ትላለች፤ ጫማሽ ያምራል ሲሏት «ላውልቅልሽ» ትላለች። ያቺኛዋም «በላይሽ ይለቅ» ብላ ትመልሳለች፣ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። አውልቃ የምትሰጥም የለች፣ ተቀብላ የምትሄድም የለች። ብሩክታይትም ፈገግ ብላ እንደ ወጉ መለሰች።

«ይውሰዱት፣ የእርስዎው ነው!»

«እውነትሽን ነው?»

«ታዲያስ! ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሲያለቅስብኝ! ይውሰዱልኝ!»

ሴትየዋ ልጁን አየችው፣ ትንሽ አሰበች። «እሺ» አለች።

ብሩክታይት ሳቀች። ሴትየዋ አልሳቀችም። እሺ! ሰው ለምሳ እንኳ ሲጋበዝ ሦስቴ እምቢ ብሎ፣ ተጎትቶ ነው የሚቀመጥ፤ እንዲህ ባንድ ቃል እሺ የሚል ሰው ገጥሟት አያውቅም። ቢሆንም ሽንቷ አላስቆም ስላላት ተነስታ ሄደች። ስትመለስ ጸጋአብ ተኝቷል። እጇን ዘርግታ ልትቀበል አሰበችና፣ ሴትየዋን ያላመነቻት እንዳይመስልባት ፈራች። «አንቺም ዓይንሽን ክደኚ» አለቻት ሴትየዋ። እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

ስትነቃ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ዝቅ እያለ ነበር። ሴትየዋ ልጁን ጭኗ ላይ አቁማ በጆሮው ታንሾካሹክለታለች። ልጁ ያዳምጣል። የሰባት ወር ልጅ እንዲያ ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ ያዳምጣል እንዴ? ብሩክታይት ጠጋ ስትል ሴትየዋ ማንሾካሾኳን አቆመች። ልጁን ሳታንገራግር መለሰችላት። ብርድ ልብሱን አገጩ ድረስ አስተካከለችለትና፣

«እስክመጣ ያዥልኝ» አለቻት።

ብሩክታይት ምን ብላ ትመልስ? «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ልጁን ደረቷ ላይ አጣብቃ ነው። ፓስፖርት ሰልፍ ላይ ዞር ብላ አየች፤ ከኢትዮጵያውያኑም መስመር ከውጭ ዜጎቹም መስመር ሴትየዋ የለችም። ሻንጣ መጠበቂያው ጋም የለችም። እሰይ፣ ተገላገልኩ አለች በሆዷ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲያ የረዳቻትን ሰው በክፉ በማሰቧ አፈረች።

ወይዘሮ ምንትዋብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እልል እያሉ የልጅ ልጃቸውን ተቀበሉ፤ እልልታው ያስደነግጠዋል ብላ ስትሰጋ ልጁ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው! እናንተ አገር ልጅ አያለቅስም እንዴ?» አሉ። እስከ አያት ሰፈር ድረስ መኪናው ውስጥ ዝም እንዳለ ደረሰ። አራተኛ ፎቅ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው ገብቶም ዝም አለ። በዚያ ቀን አላለቀሰም፤ በማግስቱም አላለቀሰም።

ወይዘሮ ምንትዋብ መጀመሪያ ደስ አላቸው። ልጁ ግን ዳይፐሩ ሲሞላ አያለቅስም፤ ጭንቅላቱ ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ አያለቅስም፤ ሲርበውም አያለቅስም። ብሩክታይት ጡቷን ስትሰጠው አፉን አስጠግቶ ይተወዋል፤ የማያውቀው ቤት ምግብ እንደቀረበለት እንግዳ። በማንኪያ ጠብ ጠብ የሚደረግለትን ውሃ ብቻ ይውጣል። የቀረውን ጊዜ በሩን ያያል። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አንገቱን ያቀናል፤ ኮቴው አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ይመልሰዋል። እንግዳ የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ወሰዱት። ሐኪሙ ጉሮሮውንም ጆሮውንም አየ፤ ምንም የለበትም፣ ግን ክብደቱ እየቀነሰ ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልጠባ ሆስፒታል ውሰዱት አላቸው። ብሩክታይት ጡቷ ተወጥሮ፣ ሸሚዟ ረጥቦ፣ ቤት እንደገቡ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያኔ ነው ለእናቷ የአውሮፕላኑን ነገር የነገረቻቸው።

«እሺ አለችሽ?» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ።

«እሺ አለችኝ።»

«ውሰጂው ስትያት? ልጅሽን?»

«አዎ እማዬ።»

«ምን ያለችው ስድ አደግ ናት! ማን አሳደጋት?» ብለው ጮኹ። በልጅ ልጃቸው መሰጠት ይሁን በሴትየዋ ወግ አለማወቅ ይበልጥ እንደተቆጡ መለየት ያስቸግር ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ለመሆኑ ሲያምር ስትል ማርያም ታሳድገው አላለችም?»

«አላለችም።»

«እትፍ እትፍ አላለችበትም?»

«አላለችም እማዬ፣ ምንም አላለች። እስክመጣ ያዥልኝ ነው ያለችው።»

ወይዘሮ ምንትዋብ አማተቡ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ። እዚያው አልሰጥም ማለት ነበረብሽ።»

«ምን ብዬ? አራት ሰዓት የያዘችልኝን ሴት ምን ብዬ?»

እንዲህ እንድትሆን ያስተማሯት ራሳቸው እናትየው ናቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ሻንጣ እያዘጋጁ፣ ወደ ሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ፣ ጎረቤት እንኳን ደህና መጣሽ ሊል ገባ። ከሦስተኛ ፎቅ ገንዘቤ አምባሻ ይዛ መጣች፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ደቻሳ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እንግዳ መጥቶ እንወጣለን ይባላል? አይባልም። ቁጭ አሉ። ገንዘቤ ልጁን አቅፋ «የኔ ጭምት! የኔ ቄስ!» እያለች ታሽኮረምመዋለች፤ ብሩክታይት ሰዓቷን ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ሰዓቷን ታያለች።

በሩ ተንኳኳ። ጸጋአብ ሳቀ።

አገሩ ከገባ የመጀመሪያው ነው። በድዱ፣ ድምፅ አውጥቶ ነው የሳቀው። ገንዘቤ «ውይ ሳቀልኝ!» እያለች እሱኑ እንዳቀፈች ሄዳ ከፈተች። ያች ሴት ናት። ያው ጥቁር ሹራብ፣ ያው ሻሽ፤ በእጇ በፌስታል ዳቦ ይዛለች።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«ይግቡ፣ ይግቡ!» አለች ገንዘቤ። ጋሽ ደቻሳ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ኖር!» «በእግዜር፣ አይነሱ!» ተባባሉ። ሴትየዋ የብሩክታይት የመንገድ ጓደኛ መሆኗን ተናግራ ተቀመጠች። አድራሻ የሰጣት የለም። ወይዘሮ ምንትዋብ ክው ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው እሷ ናት በሚል አንገቷን ነቀነቀች። እንዲያም ሆኖ እጃቸው በራሱ ጊዜ አምባሻውን ቆርሶ ለእንግዳዋ አቀረበ። ምን ያድርጉ? ስልሳ ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ነው።

«በአውሮፕላን ልጁን የያዙላት እርስዎ ነዎት?» አለች ገንዘቤ። «እግዜር ይስጥልን! ይኸው፣ ናፍቆዎታል መሰል!» ልጁ ከእቅፏ እየተንጠራራ ነበርና ሰጠቻት። እንደዋዛ፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ አቀበለቻት። ሴትየዋም ተነሳች።

«እንግዲህ እኛ እንሂድ። ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሰጥታኛለች።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ደቻሳ ጉልበታቸውን መቱ። «ከሰጠችሽማ ያንቺው ነው! እኛም ምስክር ነን!» አሉ። ሴትየዋ «ይቆዩልኝ» ብላ ወደ በሩ ሄደች። የተነሳ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል፤ ሁሉም ተነስተው ተከተሏት።

ይህን ማመን ይከብዳል፤ ግን እንዲህ ሆነ። አንዲት የማትታወቅ ሴት ልጅ አቅፋ ከፊት ትወርዳለች፤ ጎረቤት እየሳቀ ከኋላ ይሸኛታል። ቀልዱ መቼ እንደሚያበቃ የሚጠብቅ እንጂ እኔ ላብቃው የሚል የለም። ብሩክታይት አራተኛው ፎቅ ላይ አሁን እናገራለሁ አለች። ብትናገር ግን በጨዋታ አበደች ይሏታል፤ ሴትየዋም ታዝንባታለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ገንዘቤ ክንዷን ይዛ «እንዴት ያለች ተጫዋች ናት!» አለቻት። ብሩክታይት አብራት ሳቀች። ሳቋ ለራሷ ጆሮ የሌላ ሰው መሰላት።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወይዘሮ ምንትዋብ እጇን ጨበጧት።

«ተናገሪ» አሏት በሹክሹክታ።

«አንቺ ተናገሪ እማዬ።»

«የኔ አይሆንም። የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

ጸጋአብ በሴትየዋ ትከሻ ላይ አገጩን አላሳረፈም፤ ወደ ኋላ አላየም። ፊቱ ወደፊት ነው። አንደኛው ፎቅ። ምድር ቤት። የግቢው ኮብልስቶን። ከበሩ ውጭ ሞተሩ ያልጠፋ ግራጫ ሚኒባስ ቆሟል።

«ደህና ግቢ!» አሉ ጋሽ ደቻሳ። ሴትየዋ የሚኒባሱን በር ሳበች።

«ይቅርታ» አለች ብሩክታይት።

ሴትየዋ ዞር አለች። «ምን አልሽ?»

ሁሉም ያያታል። ፈገግ ብለው ያዩአታል። «ምንም» አለች።

ሴትየዋ አንድ እግሯን አነሳች። የጸጋአብ ጭንቅላት ከበሩ ጥላ ውስጥ ገባ። ብሩክታይት ያኔ ከሆዷ የወጣው ድምፅ የራሷ መሆኑን አላወቀችም።

«አምጪ!» አለች። እርስዎ የለ፣ ይቅርታ የለ። «አምጪ ልጄን! አልሰጥም!»

ሳቁ ቆመ። ሴትየዋ አልደነገጠችም። «ሰጥተሽኛል» አለች በለሆሳስ። «ይኸው ሰውም ሰምቷል። ሰጥቶ መንሳት ነውር አይደለም? ሰው ምን ይልሻል?»

«የፈለገውን ይበል! እምቢ! እምቢ አልኩ!»

ዘልላ ያዘችው። ልጁ የሴትየዋን ሹራብ በሁለት እጁ ጨምድዶ አለቅም አለ፤ ያ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። ገንዘቤ «ኧረ ብሩክታይት ምን ነካሽ? ጨዋታ እኮ ነው!» እያለች ከኋላ ቀሚሷን ትጎትታለች። ብሩክታይት በክርኗ ገፈተረቻት፤ ሴትየዋንም ደረቷ ላይ መታቻት። ሴትየዋ ወዲያው ለቀቀች። እጆቿ እንደተዘረጉ ባዶ ቀሩ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም እንጂ።

«መልሺ ያለችኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አለች። «ሌሎቹ አፈሩ።»

ገብታ በሩን ዘጋች። ጎረቤቶቹ ሁሉ የሚያዩት ብሩክታይትን ነበር፤ ስለዚህ መስኮቱን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ከኋላ ወንበር ሦስት ልጆች ተደርድረዋል። ትልቋ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ንጹሕ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል። አንዳቸውም አያለቅሱም፣ አይንቀሳቀሱም። ቅንድባቸውን ሰብሰብ አድርገው አዩአት፤ መኪናው ወደ ዋናው መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም።

ከዚያ ጸጋአብ ጮኸ። አራት ቀን ያጠራቀመውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለቀቀው፤ ፊቱ ቀላ፣ እግሩ ተራገጠ። ብሩክታይት የግቢው በር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ ደቻሳ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ብልግና አይተው እንደማያውቁ ይናገራሉ። ገንዘቤ ደረቷን ይዛ «ምን አደረገቻት? ዳቦ ይዛ የመጣች እንግዳ!» ትላለች። ብሩክታይት አልሰማቻቸውም። ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሸሚዟን ከፍታ ጡቷን አወጣች። ልጁ እየተንሰቀሰቀ በድዱ ነከሳት፤ ያዘ፤ ሳበ። አመማት። «ጥባ የኔ ጌታ፣ ጥባ» አለችው፤ እንባዋ ግንባሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ወይዘሮ ምንትዋብ በልጃቸውና በጎረቤቶቹ መካከል ገብተው ቆሙ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጥብቀው አጣፉ። «በሉ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሉ። ገንዘቤ የሰማችውን ማመን አቅቷት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ሂዱ አልኩ እኮ!» ብለው ጮኹባቸው። በዚያ ብሎክ አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ፣ ወይዘሮ ምንትዋብ ሰው ላይ ሲጮኹ ማንም ሰምቶ አያውቅም ነበር።